ሌሊት ብቻውን የሚጮህ ኮምፒውተር፣ ሾርትከት የሆነ ፍላሽና የአባቴ ጽሑፎች፤ ፎርማት ከማድረጌ በፊት እርዱኝ

የጦሳ ስር | ደሴ | ማክሰኞ ማታ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ እንዴት አመሻችሁ። ረጅም ስለሆነ ይቅርታ፣ ግን የቱ እንደሚጠቅማችሁ ስለማላውቅ ሳላሳጥር ልንገራችሁ። ቤታችን ያለው ኮምፒውተር የአባቴ ነው፣ ዴስክቶፕ፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ አሁን ዊንዶውስ 10 ነው ያለው። አባቴ ወደ አኼራ ከሄደ ዓመት አልፎታል። ሐይቅ ነው ተወልዶ ያደገው፣ ሠላሳ ምናምን ዓመት አስተማሪ ነበር፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ ጠዋት ጠዋት እየተነሳ የሚያውቀውን ሁሉ ይተይብ ነበር። የዘር ሐረጋችንን፣ የሀገሩን የምንጭና የጎጥ ስም፣ ማን ከማን ጋር ተጣልቶ በማን ሽምግልና እንደታረቀ፣ የትኛው ዋርካ ሥር ይቀመጡ እንደነበር። ከሁለት መቶ ገጽ በላይ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ወደ ግማሹ ነው፣ ሙሉው አንድ ፍላሽ ላይ ነው። ሌላ የትም የለም።

ከሦስት ወር በፊት ወንድሜ ጓደኛውን አምጥቶ ከዊንዶውስ 7 ወደ 10 አስቀየረው፣ ከዛ ወዲህ ሰላም የለንም። ወንድሜ ማታ ማታ የሚያወርደው ስላለ አናጠፋውም፣ ሌሊት ማንም ሳይነካው ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፣ እናቴ ለሶላት ስትነሳ ድምፁ እያስደነገጣት ነው፣ የመብራት ካርዱም ቶሎ ቶሎ እያለቀ ነው ትላለች። ምን እንደሆነ ልይ ብዬ ታስክ ማኔጀር (የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚያሳየውን) ስከፍት ግን ፀጥ ይላል፣ ስዘጋው ደቂቃ ሳይቆይ ይጀምራል፣ ልክ እንደሚያየኝ ሰው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ሰዓቱ ጃንዋሪ 1 2009 ይሆናል፣ ክሮም ላይ የከፈትኩት ሁሉ ኮኔክሽንሽ ፕራይቬት አይደለም እያለ ይዘጋብኛል። በቀኝ በኩል ከታች በየደቂቃው "5 ቫይረስ ተገኝቷል አሁኑኑ ያጽዱ" የሚል ብቅ ይላል።

ፍላሹን ስከፍተው የአባቴ ፎልደሮች ስማቸው አለ ግን ሁሉም ትንሽ ቀስት ያለበት ሾርትከት ሆነዋል፣ እያንዳንዱ 1 ኪሎባይት። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ፋይል ስከፍት ደግሞ አማርኛው ጠፍቶ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ያለ ነገር ነው የማየው። አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት፣ ልጁ አምስት ደቂቃ እንኳ አላየውም፣ "ቫይረሱ ፋይሉን በልቶታል፣ ፎርማት ነው መፍትሄው" አለኝ። ይዤው ተመለስኩ። እናቴ እስካሁን አልነገርኳትም። ምን ላድርግ?

ሐረጎ ማዶ | ኮምቦልቻ | ማክሰኞ ማታ 3:15

አብሽሪ እህቴ፣ አላህ ይዘንለት አባትሽን። ይዘሽው መመለስሽ ትልቅ ነገር ነው። ጥገና ስሠራ ብዙ ዓመቴ ነው፣ እና የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ይሄ አንድ ቫይረስ አይደለም። ቢያንስ አራት የተለያየ ነገር ነው አንድ ላይ የመጣብሽ፣ አንዳንዱ ጭራሽ ቫይረስ አይደለም። ለዛ ነው አንድ ላይ ሲታይ የሚያስፈራው።

ዛሬ ማታ የምታደርጊው ኢንተርኔቱን መንቀል ነው፣ ኬብልም ሆነ ዋይፋይ። ፍላሹን አውጥተሽ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪው፣ የማንም ኮምፒውተር ላይ እንዳትሰኪው፣ ሾርትከቶቹን ደብል ክሊክ እንዳታደርጊ። ወደ ኮምፒውተሩ ምንም አታውርጂ ምንም አትጫኚ። ወንድምሽ ያን ጊዜ ምን ምን እንደተጫነ ሳትቆጪው ጠይቂው፣ ከተቆጣሽው አይነግርሽም።

የሰዓቱን ነገር አሁን ልገላግልሽ። ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፣ ሲአር 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። ኮምፒውተሩ መብራት በሌለው ጊዜ ሰዓትና ቀን የሚይዘው በሷ ነው። ከአምስት ስድስት ዓመት በኋላ ትደክማለች፣ እንደኛ መብራት በሚሄድበት ሀገር ደግሞ ቶሎ ይታወቅብሻል። ስትሞት ሰዓቱ ፋብሪካው ወዳስቀመጠለት ቀን ይመለሳል፣ ያንቺ 2009 ነው ማለት ነው። እና ድረ ገጾች የሚያሳዩት ሰርተፊኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፣ ኮምፒውተርሽ 2009 ላይ ነኝ ብሎ ሲያስብ ሰርተፊኬቱ ገና ያልተወለደ ይሆንበታል፣ ስለዚህ አላምነውም ብሎ ይዘጋል። ክሮም ሥራውን ነው የሠራው። ሌላ ጊዜ ያ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ መጀመሪያ ሰዓቱን እይ፣ አስተካክለሽው ከከፈተ ቫይረስ አይደለም። ባትሪዋን ሰዓት የሚጠግኑ ሰዎች ጋ ታገኛለሽ።

የየጁ ልጅ | ወልድያ | ማክሰኞ ማታ 3:40

እኔ ግን ፎርማት ይሻላል ባይ ነኝ። እንዲህ የተያዘ ኮምፒውተር ስታባብይው ወር ይፈጅብሻል። የኔም እንደዛ ሆኖ ሁለት ሳምንት ስታገል ከርሜ መጨረሻ ላይ ያው ፎርማት ነው ያደረግኩት።

ሐረጎ ማዶ | ኮምቦልቻ | ማክሰኞ ማታ 3:55

ወንድሜ ፎርማት አይደረግ አላልኩም፣ ምናልባት መጨረሻው እሱ ይሆናል። ያልኩት መጀመሪያ አይሁን ነው። ፋይሉ ሳይወጣ ፎርማት ያለ ባለሙያ ለኔ ቤቱ ውስጥ ሰው መኖሩን ሳያይ የሚያፈርስ ማለት ነው። እዚህ ሱቄ የመጡ ስንት እናቶች አሉ፣ የሞተ ልጃቸውን ፎቶ ፎርማት ተደርጎባቸው። ከፎርማት በኋላ ሌላ ዊንዶውስ ተጭኖበት ከተሠራበት ደግሞ ለማውጣት በጣም ይከብዳል፣ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል። ይሄን ነገር በቀላሉ ማለፍ አልችልም ይቅርታ።

የጦሳ ስር | ደሴ | ማክሰኞ ማታ 4:10

ኢንተርኔቱን ነቅያለሁ፣ ፍላሹም መሳቢያ ገብቷል። ወንድሜ የነገረኝ፣ ዊንዶውሱ ሳይገዛ እንደተገዛ እንዲሠራ "አክቲቬተር" ተጭኗል፣ አንድ ጌምም ክራክ ተደርጎ (ያለ ክፍያ እንዲሠራ ተሰብሮ) ገብቷል፣ ሁለቱም ላይ ከመጫንህ በፊት አንቲቫይረሱን አጥፋ ይል ነበር አለኝ፣ አጥፍተውታል።

ካምፓስ አራተኛ ዓመት | ኮምቦልቻ | ረቡዕ ጠዋት 1:30

ሰላም እህቴ፣ ነፍስ ይማር። አንቲቫይረሱን አጥፋ የሚለው ነገር ላይ ሐረጎ ማዶ ይመለስበታል፣ እኔ ስለ ፍላሹ ልንገርሽ ምክንያቱም በጣም ደስ የሚል ዜና ነው ያለው። ሾርትከት ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ ፋይል አይበላም። የሚያደርገው ፎልደሮችሽን ሂደን እና ሲስተም የሚል ምልክት ሰጥቶ መደበቅ ነው፣ በምትካቸው በተመሳሳይ ስም ሾርትከት ያስቀምጣል፣ ሾርትከቱን ስትነኪው መጀመሪያ የተደበቀውን ስክሪፕት (ቫይረሱ የተጻፈበትን የትዕዛዝ ፋይል) ያስነሳል፣ ቀጥሎ እውነተኛውን ፎልደር ይከፍትልሻል፣ ስለዚህ ምንም እንዳልሆነ ነው የሚመስልሽ። ስክሪፕቱ ኮምፒውተሩ ላይ ከገባ በኋላ ደግሞ የሚሰካበትን ፍላሽ ሁሉ እንደዛው ያደርጋል። ፎቶ ኮፒ ቤት ፕሪንት ልናደርግ ስንሄድ ይዘነው የምንመጣው ይሄንኑ ነው።

ፋይሉ መኖሩን ማረጋገጫው የፍላሹ መጠን ነው። ሾርትከቶቹ እያንዳንዳቸው 1 ኪሎባይት ናቸው አልሽ፣ አሥር ቢሆኑ 10 ኪሎባይት ናቸው። ፍላሹ ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ ፕሮፐርቲስ ስታይ የተያዘው ቦታ በጊጋ ከሆነ ፋይሉ እዛው ቁጭ ብሏል።

ለማውጣት በዊንዶውስ ሂደን ፋይሎችን አሳይ፣ ሲስተም ፋይሎችን አትደብቅ ብሎ ማስተካከል ይቻላል፣ ወይ ደግሞ አትሪብ በሚባለው ትዕዛዝ ምልክቶቹን ማንሳት ይቻላል (ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ አትሪብ ብሎ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ከዛ ሰረዝ ኤች፣ ሰረዝ አር፣ ሰረዝ ኤስ፣ ከዛ የፍላሹ ፊደል፣ መጨረሻ ላይ ስላሽ ኤስ ስላሽ ዲ)። ግን ላንቺ የምመክረው ሌላ መንገድ ነው። ሊኑክስ ሚንት (በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ነፃ ሲስተም) ያለበት ፍላሽ የሚያዘጋጅልሽ ሰው ፈልጊ፣ ኮምፒውተሩን ከሱ ላይ አስነሺው፣ ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ይሠራል። የዊንዶውስ ስክሪፕትና ሾርትከት እዛ ላይ ዝም ብሎ የተኛ ፋይል ነው፣ አይነሳም። ዊንዶውስ የሚደብቅበት ምልክትም እዛ ስለማይሠራ የተደበቀው ይታይሻል። ከዛ አዲስ ፍላሽ ላይ ዶክመንቶቹን ብቻ ትገለብጫለሽ፣ ሾርትከቶቹን፣ ስክሪፕቱንና ኤግዚ (የፕሮግራም ፋይል) የሆነ ነገር ሁሉ ትተሽ።

የጦሳ ስር | ደሴ | ሐሙስ ማታ 1:50

የጎረቤታችን ልጅ ሊኑክሱን አዘጋጀልኝ፣ አራዳ ሄጄ አዲስ 32 ጊጋ ፍላሽ ገዛሁ። የድሮው ፍላሽ 3.1 ጊጋ ተይዟል ይላል። ሾርትከቶቹ አሉ፣ ከሥራቸው ስሙ ቁጥርና ፊደል የተቀላቀለ አንድ ስክሪፕት አለ፣ ግን የአባቴ ፎልደሮች አሁንም የሉም። ልቤ ወረደ። ልጁ ነው ቀረብ ብሎ ያየው፣ ከዝርዝሩ መሃል አንድ ስም የሌለው ፎልደር አለ፣ የፎልደር ሥዕል ብቻ፣ ከሥሩ ባዶ። ሲከፍተው ሁሉም እዛ ውስጥ ናቸው። "ሐይቅ አንድ"፣ "ሐይቅ ሁለት"፣ "የምንጮች ስም"፣ "ለልጆቼ"። "ለልጆቼ" የሚል ፋይል እንዳለ አላውቅም ነበር። እጄ ስለተንቀጠቀጠ ኮፒ ያደረገልኝ እሱ ነው።

ግን አሁንም ሲከፈት ያ ድብልቅልቅ ምልክት ነው። ተበላሽቷል ማለት ነው?

ካምፓስ አራተኛ ዓመት | ኮምቦልቻ | ሐሙስ ማታ 2:05

እሰይ! ስም የሌለው ፎልደር የሚያደርግ አንድ ዓይነት አለ፣ ስሙ ባዶ አይደለም፣ የማይታይ ክፍት ቦታ የሚባል ፊደል ነው የሚሰጠው፣ ሰው አይቶ እንዲያልፈው። የምልክቱን ነገር ጽሕፈት ላይ የሚሠራ ሰው ይንገርሽ፣ እኔ ግን የተበላሸ አይመስለኝም።

ሰኞ ገበያ | ባቲ | ሐሙስ ማታ 2:30

እህቴ አልተበላሸም፣ ይሄን በየሳምንቱ ነው የማየው፣ ጽሕፈት ነው የምሠራው። አባትሽ በዊንዶውስ 7 ጊዜ የተየቡት በድሮ ፊደል ነው፣ ቪዥዋል ግዕዝ ወይ የድሮው ፓወር ግዕዝ ሊሆን ይችላል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደል ሁሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ደንብ) ውስጥ የገባው በ1999 ነው በፈረንጅ፣ ግን እኛ ሀገር ከዛ በኋላም ለብዙ ዓመት በድሮው ነው ሲሠራ የነበረው። የድሮዎቹ ፎንቶች የሚያደርጉት የእንግሊዝኛውን ፊደልና ምልክት ቦታ ወስደው በላዩ ላይ የኛን ፊደል መሳል ነው። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው እንግሊዝኛው ነው፣ ፎንቱ ነው "ሀ" አድርጎ የሚያሳይሽ። ወንድምሽ ዊንዶውስ ሲያስቀይር ፎንቱ አብሮ ጠፋ፣ አሁን ውስጡ ያለው እርቃኑን ወጣ። ቃላቱ አልጠፉም።

ፋይሉን ስትከፍቺ የፎንት ስም የሚጻፍባት ሳጥን ላይ ምን እንደሚል እይ፣ ፎንቱ ባይኖርም ስሙ ተጽፎ ይቀራል። ከዛ ያን ስም የያዘ ፎንት ፋይል ከጽሕፈት ቤት ለምኚ። ፎንቱን ብቻ ተቀበይ፣ መጫኛ ኤግዚውን አትቀበይ፣ እነዚህ መጫኛዎች ከፍላሽ ፍላሽ ሲዞሩ የከረሙ ክራኮች ናቸው፣ ከምን ጋር እንደሚመጡ እኔ ራሴ አላውቅም። እስከዛው ግን አደራ፣ ፋይሉን ከፍተሽ ሁሉንም መርጠሽ ፎንቱን ወደ ኒያላ (የዊንዶውስ የአማርኛ ፎንት) ወይ ወደ ሌላ እንዳትቀይሪ፣ ሴቭም እንዳታደርጊ። አንድ ሰነድ ውስጥ ሁለት ሦስት ፎንት ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል፣ ከቀየርሽው የቱ በየቱ እንደተጻፈ ምልክቱ ይጠፋል፣ ያኔ ነው በእውነት የሚበላሸው። ሲከፈትልሽ መጀመሪያ ፒዲኤፍ አድርጊው፣ ፎንቱ ውስጡ ይገባል፣ የትም ቦታ ይነበባል። ዩኒኮድ ማድረጉን በኋላ ቀስ ብለሽ።

ላስታ ፎቶ | ላሊበላ አካባቢ | ሐሙስ ማታ 3:10

ክርክሩን ከመጀመሪያው እየተከታተልኩ ነው፣ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። አንቲቫይረስ አጥፋ የሚለው ላይ። እኔ ሠርግ ነው የማነሳው። የቪዲዮ ማቀናበሪያ ክራክ አወረድኩ፣ አንቲቫይረስ አጥፋ ይላል፣ አጠፋሁ። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ የሁሉም ፎቶ ስም መጨረሻ ላይ አራት ፊደል ተጨምሮበታል፣ አንዱም አይከፈትም። በየፎልደሩ ሪድሚ የሚል ጽሑፍ ተቀምጧል፣ 980 ዶላር ክፈል፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከሆነ 490። የሦስት ሙሽሮች ፎቶ ነበር። አንዷ ሙሽራ አባቷ በሠርጓ በወሩ ሞተ፣ አባትና ልጅ አብረው ያሉበት ፎቶ እኔ ጋ ብቻ ነበር። ቤቷ ድረስ ሄጄ ነው የነገርኳት።

በኋላ ስጠይቅ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ከሚጠይቁት ቫይረሶች ስቶፕ የሚባለው ዘር ነው፣ በብዛት ከክራክ ጋር የሚመጣ። ኤምሲሶፍት የሚባል ድርጅት በ2019 ኦክቶበር ላይ በነፃ የሚፈታ መሣሪያ አውጥቶለታል፣ ግን ለድሮዎቹ ዓይነቶችና ቁልፉ ኦፍላይን (ለብዙ ሰው አንድ የሆነ) ለሆነላቸው ነው የሚሠራው፣ የኔ ኦንላይን ቁልፍ (ለኔ ብቻ ከሌቦቹ ሰርቨር የመጣ) ስለነበር አልፈታም። እንዲህ የደረሰበት ሰው ካለ ከመክፈሉ በፊት ኖ ሞር ራንሰም የሚባለው ገጽ ላይ ይይ፣ የአውሮፓ ፖሊስና ሌሎች ከ2016 ጀምሮ የሚሠሩበት ነው፣ ነፃ ነው። እና እህቴ ያ አዲስ ፍላሽ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ አይደር። እባክሽ።

የጦሳ ስር | ደሴ | ሐሙስ ማታ 3:20

ነቅዬዋለሁ፣ እናቴ ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። ስላካፈልከን እናመሰግናለን ወንድሜ፣ ከባድ ነው።

ሐረጎ ማዶ | ኮምቦልቻ | ዓርብ ጠዋት 2:00

አሁን ወደሚጮኸው እንግባ፣ ፋይሉ ስለወጣ ልቤ አርፏል። ታስክ ማኔጀር ሲከፈት ፀጥ የሚለው ነገር ማይነር ነው የሚመስለኝ። ማለትም ሌላ ሰው የክሪፕቶ ገንዘብ እንዲያወጣለት ያንቺን ፕሮሰሰር የሚያሠራ ፕሮግራም፣ አብዛኛው ሞኔሮ የሚባለውን ነው የሚያወጣው ምክንያቱም ተራ ፕሮሰሰር ላይም ይሠራል። እንዳይያዝ ታስክ ማኔጀር መከፈቱን ያያል፣ ሲከፈት ያቆማል። ሌሊት የሚብሰው ማንም ካልነካው ሙሉ ጉልበቱን ስለሚጠቀም ነው። እናትሽ ስለ መብራት ካርዱ ያሉት ልክ ነው፣ ፕሮሰሰሩ ሌሊቱን ሙሉ 100 ፐርሰንት ሲሠራ ቆጣሪው ያውቀዋል። መጀመሪያ ያወቁት እሳቸው ናቸው።

ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ገብተሽ ቫይረስ ፕሮቴክሽን ሴቲንግ ሥር ኤክስክሉዥን የሚለውን እይ። እነዚህ ነገሮች ሲገቡ የመጀመሪያ ሥራቸው ዲፌንደርን (የዊንዶውስን የራሱን አንቲቫይረስ) "ይሄን ቦታ አትይ" ማለት ነው። ከዛ ታስክ ስኬጁለር (ፕሮግራሞች በራሳቸው እንዲነሱ የሚቀጠሩበትን) ክፈቺ፣ አፕዴት የሚል ስም ያለው ግን የሚያስነሳው ፋይል ፕሮግራም ዳታ ወይ አፕዳታ ውስጥ የሆነ ካለ ጻፊልን። ስሙ ኤስቪሲሆስት (የዊንዶውስ የራሱ ፕሮግራም ስም) ቢልም አትታለዪ፣ እውነተኛው ያለው ዊንዶውስ ሲስተም 32 ወይ ሲስዋው 64 ውስጥ ነው፣ ሌላ ቦታ ተቀምጦ በዛ ስም የሚሮጥ ሌባ ነው። ካወቅሽ በኋላ ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን የሚለውን አስነሺው፣ ኮምፒውተሩ ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውስ ሳይነሳ ይፈትሻል፣ ወደ 15 ደቂቃ ነው፣ መብራት እንዳይሄድብሽ ብቻ። ከመጀመርሽ በፊት ግን ኢንተርኔቱን አገናኝተሽ ዲፌንደርን አፕዴት አድርጊውና መልሰሽ ንቀይ።

ቀኝ ከታች የሚመጣው "5 ቫይረስ" ውሸት ነው፣ የክሮም ኖቲፊኬሽን ነው። አንድ ገጽ ላይ አላው የሚለውን አንድ ሰው ነክቶታል። ክሮም ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ፣ ሳይት ሴቲንግ፣ ኖቲፊኬሽን፣ የማታውቂያቸውን በሙሉ አጥፊ። አጽዳ የሚለውን አትንኪው።

የየጁ ልጅ | ወልድያ | ዓርብ ቀን 6:20

ሁለት ሦስት አንቲቫይረስ ብትጭንስ? አንዱ ያለፈውን ሌላው ይይዘዋል።

ካምፓስ አራተኛ ዓመት | ኮምቦልቻ | ዓርብ ቀን 6:45

ሁለት ቋሚ አንቲቫይረስ አንድ ላይ አይሆንም፣ አንዱ ያንዱን ሥራ እያገደ በ4 ጊጋ ራም ኮምፒውተሩን ያቆመዋል። ዲፌንደር እያለ ማልዌርባይትስን በነፃው አስነስቶ አንዴ ፈትሾ መዝጋት ይቻላል። የተጠራጠርሽውን አንድ ፋይል ደግሞ ቫይረስ ቶታል ላይ ማስፈተሽ ይቻላል፣ ከ60 በላይ አንቲቫይረስ በአንዴ ያየዋል፣ የአባትሽን ጽሑፍ ግን እዛ አትጫኚ፣ የተጫነ ፋይል ሌሎች ሊያዩት ይችላሉ።

የጦሳ ስር | ደሴ | ቅዳሜ ማታ 2:15

ኤክስክሉዥን ውስጥ ያገኘሁትን ስነግራችሁ ራሴን አመመኝ፣ ሲ ድራይቩ በሙሉ ነው የተጻፈው። ማለት ዲፌንደሩ አረንጓዴ ምልክት እያሳየኝ ሦስት ወር ሙሉ ምንም አላየም። አጠፋሁት። ታስክ ስኬጁለር ላይም በየኮምፒውተሩ መነሻ የሚነሳ አፕዴት የሚል አንድ አገኘሁ፣ ፋይሉ ፕሮግራም ዳታ ውስጥ ነው። ኦፍላይን ስካኑ ማይነር ብሎ ያዘ፣ ስክሪፕቱንም ያዘ፣ ሌላ ደግሞ ፓስወርድ የሚሰርቅ ዓይነት ነው የሚል አንድ ያዘ። ትናንት ሌሊት ቁጭ ብዬ አዳመጥኩት፣ ዝም ብሏል።

የመጨረሻው ነው ያስፈራኝ። እና አሁን ጸድቷል ማለት ነው ወይስ?

ሐረጎ ማዶ | ኮምቦልቻ | ቅዳሜ ማታ 2:50

አሁን ነው የየጁ ልጅን የምደግፈው። ዲፌንደር ሦስት ወር ታውሮ፣ አድሚን ሆኖ የገባ ነገር ያለበትን ዊንዶውስ እኔ ንጹሕ ነው ብዬ አልፈርምም። አንድ የቀረ ነገር እንደሌለ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ፎርማት አድርጊው፣ ፋይሉ በእጅሽ ስለሆነ አሁን የሚጎዳሽ ነገር የለም። ድሮውን ፍላሽም እንደዛው።

ከዛ በፊት ግን ከስልክሽ፣ ከኮምፒውተሩ ሳይሆን ከስልክሽ፣ የጂሜይልሽንና የፌስቡክሽን ፓስወርድ ቀይሪ፣ ሁለተኛ ማረጋገጫ አብሪ። እነዚህ ሌቦች ብራውዘር ያስቀመጠውን ፓስወርድ ብቻ አይደለም የሚወስዱት፣ የገባሽበትን ሁኔታ ራሱን ነው የሚወስዱት፣ ፓስወርድ ሳይጠይቃቸው ይገባሉ። ስለዚህ ከሁሉም ዲቫይስ ውጣ የሚለውን አድርጊ። ቴሌግራምም ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስስ ላይ ገብተሽ ሌሎቹን ሁሉ አቋርጪ። ወንድምሽም እንደዛ ያድርግ። በኮምፒውተሩ ባንክ ገብታችሁ ከነበረ ባንካችሁን ንገሩ።

አዲሱ ዊንዶውስ ላይ ክራክ አይግባ። አክቲቬት ያልተደረገ ዊንዶውስ ይሠራል እኮ፣ ጥግ ላይ ጽሑፍ ያሳያል፣ ዎልፔፐር መቀየር ይከለክላል፣ ከዛ ውጭ ሥራሽን ያሠራሻል። ዊንዶውስ 10 ራሱ ደግሞ ተራው ድጋፍ ኦክቶበር 14 2025 ላይ አብቅቷል፣ ለቤት ተጠቃሚ የተራዘመው የደኅንነት አፕዴት እስከ ኦክቶበር 2026 ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ ያንቺ አይቀበለውም። ወንድምሽ ጌሙን ከተወ ያን ሊኑክስ ሚንት እንዳለ አስጭኑት፣ ላንቺ ለመጻፍና ለማንበብ ይበቃል።

የጦሳ ስር | ደሴ | ማክሰኞ ማታ 1:30

ሳምንት ሞላኝ እዚህ ከጻፍኩ። ሊኑክሱ ተጭኗል፣ ወንድሜ ራሱ ነው የጫነው ከጎረቤታችን ልጅ ጋር። ባትሪዋን ሰዓት ጠጋኝ ጋ አገኘናት፣ ትናንት መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ ሰዓቱ ልክ ነው።

የፎንቱ ስም እንደተባለው ሳጥኑ ላይ ነበር። ፒያሳ አንድ ጽሕፈት ቤት ሴትዮዋ ከድሮ ኮምፒውተሯ ፈልጋ ሰጠችኝ፣ ሂሳብ አልቀበልም አለች። ማታ ቡና ተፈልቶ "የምንጮች ስም" የሚለውን ለእናቴ አነበብኩላት። አቦሉን ይዛ ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና አንዱ ጋ ስደርስ "እንደሱ አይደለም፣ አባትሽ ያን ምንጭ ሁሌም ይሳሳተው ነበር" አለችና ትክክለኛውን ስም ነገረችኝ። እንዳለ ትቼ ከጎኑ የሷን ጻፍኩ።

ባቲ ያለሽው እህቴ፣ ዩኒኮድ ስናደርገው "ጨ" እና "ጸ" አንዳንድ ቦታ ይቀያየራሉ፣ ፒዲኤፉን እያየን በእጅ ነው የምናርመው። ከ212 ገጽ 14 ጨርሰናል። "ለልጆቼ" የሚለውን ገና አልከፈትነውም፣ ታላቅ እህቴ ከሐይቅ ዓርብ ትመጣለች፣ እሷን እየጠበቅን ነው።

ሰኞ ገበያ | ባቲ | ማክሰኞ ማታ 1:55

"ጨ"ና "ጸ" ብቻ ከሆነ ቀላል ነው፣ አንድ ገጽ ከፒዲኤፉ ጋር ላኪልኝ፣ የፎንቱን ስም አይቼ በየትኛው ቁጥር እንደሚቀያየር እነግርሻለሁ፣ አንዴ በፋይንድ ሪፕሌስ ታስተካክይዋለሽ። ኮፒው ላይ ግን እንጂ ዋናው ላይ አይደለም።